ነገራ ያሰረው ክር

የቀበሌውን ሊቀመንበር ካኪ ኮት የሰፋችው ብርኽቲ ራሷ ናት። የትከሻውን ስፋት፣ የእጁን ርዝመት በቃሏ ታውቀዋለች። ያን ዕለት ግን ጠረጴዛው ፊት ቆማ ቀና ብላ ፊቱን ማየት አቃታት። ቀኑ ጳጉሜ ሦስት፣ 1980 ዓ.ም. ነበር። ሩፋኤል ስለሆነ የሰፈሩ ሕፃናት ውጭ በዝናቡ እየተጠመቁ ይንጫጫሉ። እሷ ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዛ ስትጠብቅ ውላ ተራ የደረሳት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የመጣችው የወንድሟን ስም ለማሰረዝ ነበር። ሐዱሽ ከዚህ ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ከሚላኩት ሰባት ወጣቶች አንዱ ሆኖ መጻፉን ከትናንት ወዲያ ሰምታለች፤ ከሰማች ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም።

ሐዱሽ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። እናታቸው ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ አባታቸው ቀድሞ ሞቷል። ወላጆቻቸው ከትግራይ፣ ከእንትጮ ተነሥተው አዲስ አበባ የገቡ ሰዎች ስለነበሩ፣ እዚህ «ልጁን እኔ ልያዝልሽ» የሚል ዘመድ አልነበራትም። ሁለት ጊዜ የመጡላትን ሽማግሌዎች መልሳ፣ ቀን በልብስ ስፌት ማኅበሩ፣ ሲመሽ ቤቷ ስትሰፋ ኖራ አሳደገችው። አሁን ወደ ሰሜን ሊወስዱት ነው። ከአፋቤት ውጊያ ወዲህ ወደዚያ ከሄዱት የሰፈሩ ልጆች ደብዳቤ የጻፈ የለም። ከግንባሩ ማዶ ደግሞ የአጎቷ ልጆች እንዳሉ በሹክሹክታ ሰምታለች፤ ይህን እንኳን ለሊቀመንበሩ ለራሷም ጮክ ብላ አትናገረውም።

ሊቀመንበሩ ልመናዋን ከወረቀቱ ቀና ሳይል ሰማና ያልጠበቀችውን ነገር ጠየቃት። ወንድሟ ያቺን ብዙ ክር ያላትን ጊታር አሁንም ይጫወታል ወይ? አዎን አለች። ጊታሯ ባለ አሥራ ሁለት ክር ናት፤ ብርኽቲ ስፌት ከመልመዷ በፊት ቦሌ መንገድ በቤት ጽዳት ተቀጥራ የሠራችላት ስዊድናዊት አስተማሪ በ1969 አገሩን ለቃ ስትሄድ የተወችላት ናት። ሐዱሽ ራሱን በራሱ ያስተማረው በእሷ ነው። ክሮቹ ግን አንድ በአንድ እየተበጠሱ አራት ብቻ ቀርተዋል።

ሊቀመንበሩ የሚፈልገውን ነገራት። ሰኞ መስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ነው፤ ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው አስተዳደር እንግዶች ይመጣሉ። የቀበሌው የኪነት ቡድን የድምፅ ማጉያ ተቃጥሎ የሚጠግነው አልተገኘም። ያቺ ጊታር ክሯ ጥንድ ጥንድ ስለሆነ ያለ ማጉያ አዳራሽ ትሞላለች ሲባል ሰምቷል። ሐዱሽ ሰኞ በሙሉ ክር መድረክ ላይ ከወጣ የኪነቱ አባል ነው፤ የኪነት አባል ደግሞ እዚሁ ስለሚያገለግል አይዘምትም።

«በአራት ክር መጥቶ እንዳያዋርደኝ» አለና ወረቀቱን አጠፈው። «ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው። ሰባት ተብያለሁ፤ ሰባት እልካለሁ።»

ብርኽቲ፣ ታዲያ በእሱ ቦታ ማን ሊሄድ ነው ብላ አልጠየቀችም። እጅ ነሥታ ወጣች።

በረንዳው ላይ ስትደርስ መብራት የምትባለው ታይፒስት መስኮት የምትዘጋ መስላ ተከተለቻት። መብራት የሰርግ ልብሷን ብርኽቲ በሦስት ቀን ሰፍታ ያደረሰችላት ልጅ ናት፤ ውለታው ከልቧ አልጠፋም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሐዱሽ ከቀረ በእሱ ቦታ የሚገባው የእትዬ ደሪቱ ልጅ ነገራ መሆኑን ነገረቻት። ልጆቹን የሚወስዷቸው ከበዓሉ በኋላ፣ ረቡዕ ነው። ይህን ብላ ምንም እንዳልተናገረች ሁሉ መስኮቱን ዘግታ ገባች።

እትዬ ደሪቱ ከብርኽቲ ቤት ሦስት በር ዝቅ ብለው የሚኖሩ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። እርሻቸው ገርጂ በኩል ነበር፤ ከተማው እየሰፋ መሬቱን ሲወስደው ሁለት ላሞች ብቻ ቀሩላቸው። ሐዱሽ ያደገው በእነዚያ ላሞች ወተት ነው ማለት ይቻላል። ነገራ አንድ ልጃቸው ሲሆን ሃያ ሁለት ማዞሪያ አጠገብ በቆርቆሮ መጠለያ ሳይክል ይጠግናል። ከሐዱሽ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረዋል፤ አንድ ደብተር ለሁለት የተጠቀሙበት ጊዜም ነበር።

ብርኽቲ ዝናቡን ሳትሸሽ ወደ ቤቷ ሄደች። በእትዬ ደሪቱ በር ስታልፍ ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ ዓርብ ከሥራ ቀርታ ክር ፍለጋ ዞረች። ፒያሳ ያሉት ሱቆች ክራርና ዋሽንት እንጂ የጊታር ክር የላቸውም። መርካቶ አንድ ነጋዴ ከሁለት ዓመት በፊት እንደጨረሰ ነገራት። የሌላ ቀበሌ ኪነት ጊታር ተጫዋች ደግሞ ክር ከማጣቱ የተነሣ ያረጀውን በውኃ እየቀቀለ ድምፁን እንደሚመልስ አጫወታት። ከሰዓት በኋላ እግሯ አብጦ ስትመለስ ጋሽ ዓምደሚካኤል ትዝ አሏት። ሰዓት እላፊ ከመታወጁ በፊት ቦሌ መንገድ በነበረ የምሽት ክበብ ጊታር ይጫወቱ የነበሩ ሰው ናቸው። አሁን ግራ ጎናቸውን በሽታ ይዟቸው አትላስ ጀርባ በአንዲት ጠባብ ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ።

ስለ ሐዱሽ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስለ ነገራ ግን አልነገረቻቸውም። ሽማግሌው በደኅናው እጃቸው ከአልጋቸው ሥር አንድ ሳጥን ስበው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ያልተከፈተ ክር አወጡ። አሥራ ሁለት ክር ነው። እሳቸውም እንዲህ ያለች ጊታር ነበረቻቸው፤ እሷን ሸጠዋል፣ ክሩን ግን መሸጥ አልሆነላቸውም። እጃቸው የዳነ ዕለት ሌላ ጊታር ይገኛል ብለው አስቀምጠውት ነበር።

«እጄ እንደሁ አይድንም» አሉና ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። «አትጣደፉ። ከቀጭኖቹ በኩል ሲቆጠር ሦስተኛው ጥንድ ላይ ያለችው ቀጭኗ ከሁሉም በላይ ትከርራለች፤ የምትበጠሰው እሷ ናት። እሷ ከተበጠሰች ሌላ እኔም ጋ የለም፣ ሌላም ሰው ጋ የለም።»

ብርኽቲ ጉልበታቸውን ስማ ወጣች።

ቅዳሜ ጳጉሜ አምስት፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ነገራ ቤቷ ውስጥ መደቡ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ፒንሳው አጠገቡ ነው። ሐዱሽ የጊታሯ መቃኛ ቁልፎች ዝገው አልዞር ቢሉት ጠርቶት ነው። ነገራ እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ «እንደምን ዋልሽ እትዬ ብርኽቲ» አላትና ባልዲውን ከእጇ ተቀበላት። እሷ ጥቂት ጊዜ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች።

ሥራው በአሮጌዎቹ አራት ክሮች ተጀመረ። ሐዱሽ አላላቸው፤ ከታች የያዟቸውን መሰኪያዎች ነገራ በጨርቅ ይዞ በፒንሳ እየነቀነቀ አወጣቸው። ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት ጠየቃት። ብርኽቲ ዘይቱን አምጥታ ሰጠችው፤ በአሥራ ሁለቱም ቁልፎች ላይ ጠብ ጠብ አድርጎ እያመላለሰ አላመዳቸው። ላስቲኩ ሲከፈት ክሮቹ ላይ እዚህም እዚያም የዝገት ነጥብ ታየ። ሁለቱ ልጆች ተያዩ።

ከወፍራሞቹ ጀመሩ። ነገራ የክሩን ጫፍ፣ ትንሿ ቀለበት ያለችበትን፣ ቀዳዳው ውስጥ ሰዶ መሰኪያውን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ሐዱሽ ሌላውን ጫፍ ከላይ ቁልፉ ላይ ጠምጥሞ ቀስ እያለ ያከርራል። ክሮቹ እንዳይተባተቡ ለያይታ የምትይዘው ብርኽቲ ናት፤ ክር መያዝ ሥራዋ ነው። አንዱ ገባ፣ ጥንዱ ገባ። ነገራ እየሠራ ስለ እናቱ ላም ያወራል፤ ትልቋ ለጥምቀት ትወልዳለች፣ ጥጃው ወንድ ከሆነ ሸጦ ለሱቁ የብረት በር ያሠራል። ብርኽቲ «አዎ፣ አዎ» ትላለች። ስድስተኛው ክር ሲገባ ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር። ሐዱሽ በዚያው ቅጽበት ቀና ብሎ «ሓብተይ፣ እህቴ፣ ተመስገን፣ ሊሆን ነው» ሲላት መልሳ ዘጋችው። ፊቱ ላይ ለሦስት ቀን ያላየችው ደም ተመልሷል።

አሥራ ሁለቱም ከገቡ በኋላ መቃኘት ጀመረ። ከወፍራሙ ተነሥቶ እየወጣ ሦስተኛው ጥንድ ጋ ደረሰ። ቀጭኗን ሩብ ዙር አዞራት፤ ደግሞ ሩብ ዙር። ጧ ብላ ተበጠሰች፤ ጫፏ የነገራን ጉንጭ ገርፎ ቀጭን የደም መስመር አወጣበት።

ሐዱሽ ጊታሯን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ነገራ ጉንጩን በእጁ ጀርባ ጠርጎ፣ የተበጠሰችውን ክር ከወለሉ አንሥቶ ያገላብጣት ጀመር። ብርኽቲ ደረቷ ውስጥ ለሦስት ቀን ተጨብጦ የነበረ ነገር በድንገት ላላ ሲል ተሰማት። በቃ፣ ከእጇ ወጣ፤ ከእንግዲህ በእሷ እጅ አይደለም። እንደዚህ ማሰቧ ሲገባት ደነገጠች። የሐዱሽን የጎበጠ ጀርባ አየች። ከዚያ የራሷን ድምፅ ሰማችው።

«ነገራ፣ የሳይክል ሽቦ አይሆንም?»

ነገራ አሰበ። የፍሬን ገመድ ውስጡ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ ነው፤ አንዷን መርጦ ማውጣት ይቻላል። እንዲያውም እንዴት አላሰብኩትም ብሎ እየሣቀ ተነሣ። ዝናቡ በርትቶ ነበር። ብርኽቲ ነጠላዋን አውጥታ በራሱ ላይ ጣለችለትና ላከችው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውኃ እያንጠባጠበ ተመለሰ። ገመዱን ፈትቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ መሃል እያሳለፈ ቀጭኗን መረጠ፤ ከተበጠሰችው ክር ላይ ቀለበቷን አውልቆ ሽቦዋን በእሷ አሾልኮ በፒንሳ ጠማዘዛት። ሐዱሽ በዚህ ጊዜ ሁሉንም ክሮች ከልካቸው በአንድ ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ አከረራት። ያዘች። ጥቂት ጠበቁ፤ አሁንም ያዘች። ሲጫወትባት ከዚያች ትንሽ ቤት የሚወጣ የማይመስል ድምፅ ወጣ፤ ሁለት ሰው የሚጫወት ነበር የሚመስለው። የጎረቤት ልጆች በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ነገራ ሰኞ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ ያሰርኩት እኔ እንደሆንኩ ለሁሉ እናገራለሁ አለ። ከዚያ ፒንሳውን ኪሱ ከትቶ ተነሣ።

ብርኽቲ እስከ አጥሩ በር ተከተለችው። 

«ነገራ፣ ዛሬ ቤት አትደር።»

አልገባውም። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ እንደገባ፣ ረቡዕ እንደሚመጡ፣ ከዚያም በፊት ሊመጡ እንደሚችሉ ነገረችው። ነገራ የሰፈሩ ልጆች ለማታው የሚያበሩትን ችቦ ሲያስሩ እያየ ቆመ።

«መቼ ሰማሽ?»

«ዛሬ» አለችው።

«በማን ቦታ ነው?»

የአጥሩን በር ገፋ አድርጋ ከፈተችለት። ነገራ ዞሮ ወደ ቤቷ በር ተመለከተ፤ ሐዱሽ ውስጥ ይጫወታል። ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቃት፤ አያውቅም አለችው። በዚህኛው ግን እውነቷን ነበር። ነጠላዋን ከትከሻው አንሥቶ አጣጥፎ ሰጣትና ሄደ። ሳይመሽ ሰንዳፋ አጎቱ ዘንድ ለመግባት ከሰፈር እንደወጣ የሰማችው በማግስቱ ነው።

ሰኞ ሐዱሽ ተጫወተ። የከፍተኛው እንግዶች ቆመው አጨበጨቡ፤ ሊቀመንበሩም እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ ጊታሯ የኪነቱ ንብረት ሆና እንድትመዘገብ አዘዘ። ብርኽቲ አዳራሹ መጨረሻ ቆማ ነበር። እትዬ ደሪቱ አጠገቧ ነበሩ። ልጃቸው ለበዓል ዘመድ ጥየቃ እንደሄደ ነገሯት፤ ሲሄድ ፊቱ አላማራቸውም ነበር።

ረቡዕ የቀበሌው ጥበቃዎች ነገራን ፈልገው መጡ። ሲያጡት እናቱን ወሰዱ። ልጁ እስኪመጣ ድረስ ቀበሌው ግቢ ባለችው የዕቃ ክፍል እንዲቀመጡ ተደረገ። ላሞቹ ሳይታለቡ አድረው ሰፈሩን በጩኸት አወኩት፤ ሐሙስ ጠዋት ያለበቻቸው ብርኽቲ ናት። ወተቱን ይዛ ስትገባ ሐዱሽ ተነሥቶ ይጠብቃት ነበር።

ነገራ እንደሚፈለግ ማን ነገረው ብሎ ጠየቃት። እኔ አለች። አንቺንስ ማን ነገረሽ? የመጨረሻውን ጥያቄ ሲጠይቃት ድምፁ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር፦

«እሱ የተጻፈው በእኔ ቦታ ነው?»

ወተቱን አስቀመጠች፤ እጇ እንዲፈታ ፈልጋ ነው። ሐዱሽ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ብርኽቲ በሩን በጀርባዋ ዘግታ ቆመች። ለመነችው፤ የእናታቸውን ስም ጠራች፤ ሽማግሌዎች ገብተው እትዬ ደሪቱን ያስፈታሉ፣ ሁለት ቀን ታገሥ አለችው። እሱ አልጮኸባትም፤ ቢጮኽባት ይሻላት ነበር።

«ብርኽቲ፣ ያን ክር ያሰረልኝ እሱ ነው። እናቱ ጉድጓድ በመሰለ ክፍል ተቀምጠው እኔ መድረክ ላይ ልዘፍን?»

ትከሻዋን ይዞ ልክ እንደ ሕፃን ከበሩ ፈቀቅ አደረጋት። እየተከተለችው እስከ ቀበሌው ድረስ ሄደች። ሊቀመንበሩ ሐዱሽን ሲያይ አንድም ነገር አልጠየቀም፤ ለመብራት ስሙን መልሳ እንድትተይብ ነገራት። መብራት ስትተይብ ታለቅስ ነበር። እትዬ ደሪቱ ከሰዓት በኋላ ተፈቱ። ለምን እንደተፈቱ ያወቁት ሲመሽ ነው፤ ሲያውቁ ብርኽቲ ቤት መጥተው ሌሊቱን ሙሉ ወለሉ ላይ አብረዋት ተቀመጡ።

ሐዱሽ ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደኅና ነኝ፣ ጫማው ጠቦኛል ይላል። ጥር ላይ ሁለተኛ ደብዳቤ ከከረን መጣ። ከዚያ በኋላ አልመጣም። ብርኽቲ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ስትመላለስ፣ «ስሙ ከሞቱት ውስጥ የለም» ከማለት ሌላ የነገራት ሰው አልነበረም። ነገራ ሰንዳፋ እያረሰ ቀረ፤ አንዴ ጤፍ በእናቱ እጅ ላከላት። እራሱ ግን ፊቷ አልቀረበም፤ እሷም አልጠራችውም።

ግንቦት 1983 ላይ የተበተነው ሠራዊት በኮተቤ በኩል ወደ ከተማ መግባት ጀመረ። መኪና ያገኘ በመኪና፣ ያላገኘ በእግሩ፣ ጠመንጃውን የጣለም ያልጣለም፣ ቀኑን ሙሉ ይፈስሳል። ብርኽቲ ሥራዋን ትታ ከመንገዱ ዳር ቆመች። እትዬ ደሪቱም እንስራ ውኃ ይዘው እየመጡ አጠገቧ ተቀመጡ፤ ለወታደሮቹ ያጠጣሉ፣ እሷ ትጠይቃለች። ከየት ግንባር ነህ፣ ሐዱሽ የሚባል፣ ረጅም፣ ጊታር የሚጫወት ልጅ አታውቅም? ወታደሮቹ እየጠጡ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

በሦስተኛው ቀን፣ መንገዱ ጥቂት ጭር ሲል፣ ብርኽቲ ጎንበስ ብላ ለእትዬ ደሪቱ ነገረቻቸው። ስለ ነገራ የሰማችው ቅዳሜ አልነበረም፤ ሐሙስ ነበር። ዓርብን ዝም አለች። ቅዳሜም ክሩን አስሮ እስኪጨርስ ዝም አለች፤ በዝናብ ሽቦ እንዲያመጣ የላከችው እሷ ናት። ቀኑን ለነገራ ዋሽታዋለች።

እትዬ ደሪቱ ጣሳውን አለቅልቀው በእንስራው አፍ ላይ ደፉት።

«እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ በቋንቋቸው ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ጨርሶ አልነግረውም ነበር።»

ከኮተቤ በኩል ሌሎች መጡ፤ አምስት ናቸው፣ አንዱ በሁለቱ ትከሻ ተደግፏል። እትዬ ደሪቱ ጣሳውን ሞልተው ሰጧት። ብርኽቲ ተቀብላ መንገዱ መሃል ገባችና ከፊት ያለውን ከየት ግንባር እንደመጣ ጠየቀችው።